የማሕፀን በር ካንሰርን የመከላከል ሥራ ከምርመራ ባሻገር የሕክምና መሣሪያዎችን በአገልግሎት ላይ ማቆየትን ይጠይቃል

የማሕፀን በር ካንሰር አስቀድሞ ከተደረሰበት መከላከል ከሚቻልባቸው የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። ይሁንና በሽታው በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች መካከል ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛውን ሥፍራ ይዞ ይገኛል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት መሠረት በአገሪቱ በዓመቱ 7 ሺህ 445 ሴቶች በበሽታው ሲያዙ፣ 5 ሺህ 338 ሴቶች ደግሞ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ይህም አሥር ሴቶች በበሽታው በተያዙ ቁጥር ሰባት ያህሉ ለሕልፈት እንደሚዳረጉ ያመለክታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ኅዳር 8 ቀን 2013 ዓ.ም ይፋ ያደረገው ዓለም አቀፍ ስትራቴጂ በሽታውን የሕብረተሰብ የጤና ችግር ከመሆን ለማውጣት እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ ሊደረስባቸው የሚገቡ ሦስት ግቦችን አስቀምጧል። እነዚህም 90 በመቶ የሚሆኑ ልጃገረዶች 15 ዓመት ሳይሞላቸው የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ክትባት እንዲወስዱ፣ 70 በመቶ የሚሆኑ ሴቶች በ35 እና እንደገና በ45 ዓመታቸው አስተማማኝ ምርመራ እንዲያደርጉ፣ ችግሩ ከተገኘባቸው ሴቶች ውስጥም 90 በመቶ የሚሆኑት ተገቢውን ሕክምና እንዲያገኙ የሚሉ ናቸው።

ከሦስቱ ግቦች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በስፋት ይነገርላቸዋል። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባቱን መስጠት የጀመረች ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት የሚገኙ ልጃገረዶችን በአንድ ጊዜ ክትባት ተደራሽ ለማድረግ ሰፊ ዘመቻ አካሂዳለች። ምርመራውም በሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች እየሰፋ መጥቷል። ሦስተኛው ግብ፣ ማለትም ሕክምናው፣ ግን በሪፖርቶች ውስጥ ጎልቶ የሚወጣበት ጊዜ አነስተኛ ነው። ተመርምራ ቅድመ ካንሰር ለውጥ የተገኘባትና ሳትታከም ወደ ቤቷ የተመለሰች ሴት ከምርመራው ያገኘችው ጥቅም ግን የለም። ለምርመራው የወጣው የመንግሥት ወጪም ውጤት አላስገኘም ማለት ነው።

በኢትዮጵያ በስፋት የሚሠራበት ምርመራ የማሕፀን በርን አሴቲክ አሲድ ማለትም የተመጠነ አቼቶ በመቀባት በዓይን የሚካሄደው ነው። አገራዊው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶችን በዋናነት ያካትታል። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ በመሆናቸው የዓለም ጤና ድርጅት ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ እንዲመረመሩ ይመክራል። ምርመራው ነጭ ለውጥ ካሳየና ሁኔታው ከፈቀደ ሕክምናው በዚያው ቀን ይሰጣል። ይህ አሠራር ሴቲቱ ሁለተኛ ጊዜ እንድትመላለስ ባለማስገደዱ ረጅም መንገድ ተጉዘው ለሚመጡ ሴቶች እጅግ ተመራጭ ሆኗል።

ለሕክምናው ሦስት ዘዴዎች በሥራ ላይ ይውላሉ። የመጀመሪያው ክራዮቴራፒ ሲሆን፣ ለውጥ የታየበትን ክፍል በካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም በናይትረስ ኦክሳይድ ጋዝ ለ3 ደቂቃ በማቀዝቀዝ፣ ለ5 ደቂቃ እንዲቀልጥ በመተውና እንደገና ለ3 ደቂቃ በማቀዝቀዝ የሚከናወን ነው። ሁለተኛው ቴርማል አብሌሽን ይባላል። ይህ ዘዴ ቢያንስ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ የብረት ጫፍን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ድረስ በማስነካት የተለወጠውን ሕብረ ሕዋስ ያረጋዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለዚህ ዘዴ ራሱን የቻለ መመሪያ ያወጣ ሲሆን፣ ከባድ የጋዝ ሲሊንደር የማያስፈልገውና በባትሪ ሊሠራ የሚችል መሆኑ ለጤና ጣቢያዎች አመቺ አድርጎታል።

ሦስተኛው ዘዴ ባለሙያዎች ሊፕ እያሉ የሚጠሩት ነው። ይህ ከፍተኛ ድግግሞሽ ባለው የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ቀጭን የሽቦ ቀለበት በመጠቀም ለውጥ የታየበትን ክፍል ቆርጦ የሚያወጣ ሕክምና ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘዴዎች የሚያገለግሉት ለውጡ ከማሕፀን በር ገጽታ ከሦስት አራተኛ በታች የሸፈነ፣ ሙሉ በሙሉ የሚታይና ወደ ውስጠኛው ቦይ ያልዘለቀ ሲሆን እንዲሁም የካንሰር ጥርጣሬ ከሌለ ብቻ ነው። ለውጡ ከዚህ የሰፋ ወይም የጠለቀ ከሆነ ሴቲቱ ወደ ሊፕ መላክ ይኖርባታል። በሌላ አነጋገር በሽታው ወደ ካንሰር የመለወጥ አደጋው ከፍ ያለባቸው ሴቶች ዕድል በሦስተኛው ዘዴ መኖርና አለመኖር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የመሣሪያው አሠራር ለሕክምና ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ለሚገዛውና በጀት ለሚመድበው ኃላፊም ግልጽ መሆን ይኖርበታል። በቤትና በመሥሪያ ቤት የሚያገለግለው የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ዑደት እያደረገ አቅጣጫውን የሚቀያይር ሲሆን፣ በሰውነት ውስጥ ቢያልፍ ጡንቻንና ልብን በማንዘፍዘፍ ለሞት ይዳርጋል። የፈረንሳዩ ሐኪምና የፊዚክስ ተመራማሪ አርሰን ዳርሶንቫል እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳየው ግን ድግግሞሹ እጅግ ከፍ ሲል ኃይሉ ጡንቻንና ነርቭን ሳያነቃቃ በሰውነት ውስጥ ያልፋል፤ ሙቀት ግን ይፈጥራል። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች በጥቅሉ ከ300 ሺህ ኸርዝ በላይ በሆነ፣ የሬዲዮ ሞገድ በሚባለው የድግግሞሽ ክልል የሚሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሕብረ ሕዋስ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ይረጋል፤ ትንንሽ የደም ሥሮችም ይዘጋሉ። ሙቀቱ በፍጥነት 100 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ውኃ ተንኖ ሕዋሱ ስለሚፈነዳ ሕብረ ሕዋሱ ይቆረጣል። መሣሪያው ሞገዱን ያለማቋረጥ ሲልክ ለመቁረጥ፣ እያቆራረጠ ሲልክ ደግሞ ደም ለማቆም ያገለግላል። በሊፕ ሕክምና ሁለቱም ተግባራት ይከናወናሉ። የሽቦ ቀለበቱ ለውጥ ያለበትን ክፍል ከቆረጠ በኋላ ክብ ጫፍ ያለው ሌላ ኤሌክትሮድ የሚደማውን ሥፍራ በማርጋት ደሙን ያቆማል።

ይህ ቴክኖሎጂ አዲስ አይደለም። የአሜሪካው ሳይንቲስት ዊሊያም ቦቪ የሠራው መሣሪያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1926 በቦስተን ከተማ በዕውቁ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሐኪም በሃርቪ ኩሺንግ እጅ ጥቅም ላይ ከዋለ አንድ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። የሽቦ ቀለበቱን ለማሕፀን በር ሕክምና ያዋለው ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ካርቲዬ ሲሆን፣ ዋልተር ፕሬንዲቪል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በብሪታንያ ዘዴውን አሻሽሎ በስፋት እንዲታወቅ አድርጓል። በተመሳሳይ መርህ የሚሠሩ ኤሌክትሮዶች ዛሬ የጉበት ዕጢን በመርፌ ለማርጋት፣ የተዛባ የልብ ምትን ለማስተካከልና ያበጡ የእግር ደም ሥሮችን ለመዝጋት ያገለግላሉ። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ባለሙያዎች ካውተሪ ወይም ዳያተርሚ የሚሉት መሣሪያ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የማይጠፋ ዕቃ ነው።

የአገሪቱ የራሷ ተሞክሮ ክፍተቱ የት ላይ እንደሆነ ያሳያል። በፓዝፋይንደር ኢንተርናሽናል ድጋፍና በጤና ሚኒስቴር ትብብር እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2010 እስከ መጋቢት 2014 ድረስ ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሴቶች በተካሄደው ፕሮግራም 16 ሺህ 632 ሴቶች ተመርምረው 1 ሺህ 656 ወይም 10 በመቶ የሚሆኑት ለውጥ ተገኝቶባቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ለክራዮቴራፒ ብቁ ከነበሩት 97 በመቶ የሚሆኑት፣ ማለትም 1 ሺህ 481 ሴቶች፣ ታክመዋል። ሊፕ ያስፈልጋቸው ከነበሩት ግን ሕክምናውን ያገኙት 80 ሴቶች ወይም 63 በመቶ ብቻ ናቸው።

በእነዚህ ቁጥሮች መሠረት ሲሰላ በክራዮቴራፒ መታከም ሲገባቸው ያልታከሙት 46 ያህል ሲሆኑ፣ ሊፕ ያላገኙት ደግሞ 47 ያህል ናቸው። ሊፕ የሚያስፈልጋቸው ሴቶች ቁጥር ለክራዮቴራፒ ብቁ ከነበሩት አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ሳይታከሙ የቀሩት ሴቶች ብዛት ግን እኩል ለመሆን ተቃርቧል። ከዚህም በላይ በሁለተኛው ቡድን የሚገኙት ለውጡ የሰፋባቸው ሴቶች ናቸው። አጠቃላይ የሕክምና ሽፋኑ በአንድ ቁጥር ተጠቃሎ ቢቀርብ 94 በመቶ ስለሚሆን ከዓለም አቀፉ ግብ በላይ ይታያል። በአማካይ ቁጥሩ ሥር የተሸፈነው ክፍተት ግን አደጋው የበረታባቸውን ሴቶች የሚመለከት ነው።

ለክፍተቱ በርካታ ምክንያቶች ይኖራሉ። ክራዮቴራፒና ቴርማል አብሌሽን በሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ በምርመራው ክፍል ሊሰጡ ይችላሉ። ሊፕ ግን የሠለጠነ ሐኪም፣ የአካባቢ ማደንዘዣ፣ አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ኃይልና ድንገተኛ ደም መፍሰስ ቢያጋጥም ምላሽ መስጠት የሚችል ተቋም ይፈልጋል። የተቆረጠው ሕብረ ሕዋስም ለፓቶሎጂ ምርመራ መላክ ይኖርበታል። በመሆኑም አገልግሎቱ በሆስፒታሎች የተወሰነ ሲሆን፣ በጤና ጣቢያ የተመረመረች ሴት የሪፈር ወረቀት ይዛ ወደ ሌላ ከተማ መጓዝ ግድ ይሆንባታል። የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ፣ የልጆች ጥበቃና ሕመም አለመሰማቱ ተደማምረው ቀጠሮው እንዲቀር ያደርጋሉ።

ከእነዚህ ምክንያቶች በተጓዳኝ በመንግሥት ተቋማት አሠራር ሊፈታ የሚችል አንድ ጉዳይ አለ። እሱም የመሣሪያው አገዛዝና አያያዝ ነው። የኤሌክትሪክ ቀዶ ሕክምና መሣሪያ በግዥ ሰነድ ላይ አንድ ቋሚ ዕቃ ሆኖ ይታያል። በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በንብረት ቆጠራም ይገኛል። መሣሪያው አገልግሎት የሚሰጠው ግን ከአላቂ ዕቃዎቹ ጋር ሲሆን ብቻ ነው። የሽቦ ቀለበቶቹ ቀጭን በመሆናቸው ይበጠሳሉ። ክብ ጫፍ ያላቸው ኤሌክትሮዶች፣ በታካሚዋ ጭን ላይ የሚለጠፈው ሰሌዳ፣ እጀታው፣ የጢስ መሳቢያው ማጣሪያ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነው መመርመሪያ መሣሪያና ማደንዘዣው በየጊዜው መተካት የሚገባቸው ናቸው። ለቋሚ ዕቃው የካፒታል በጀት ተይዞ ለአላቂው በመደበኛ በጀት ካልተያዘ የመጀመሪያው ፓኬት ሲያልቅ አገልግሎቱም ያበቃል። ንብረቱ ግን በመዝገብ ላይ በሥራ ላይ እንዳለ ሆኖ ይቀጥላል።

በልገሳ የሚገኙ መሣሪያዎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ሕክምና መሣሪያዎች ልገሳ ባወጣው ሰነድ፣ ተቀባዩ ተቋም መሣሪያው ለሥራው የሚስማማ መሆኑን፣ መለዋወጫና አላቂ ዕቃ የሚገኝለት መሆኑንና የአጠቃቀም መመሪያው አብሮ መምጣቱን አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ ይመክራል። ለ110 ቮልት የተሠራ መሣሪያ ወደ 220 ቮልት አገር ሲመጣ ወይም ከአንድ አምራች ብቻ የሚገኝ ሶኬት ያለው እጀታ ሲሆን፣ በነጻ የተገኘው ዕቃ ውድ ሆኖ ያርፋል።

በዚህ ረገድ የቴክኒክ ዝርዝሩ ወሳኝ ነው። በስፋት የሚሠራባቸው ኤሌክትሮዶች ግንድ 2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በመሆኑ በጨረታ ሰነዱ ይህ መጠን ከተጠቀሰ ተቋሙ ከልዩ ልዩ አቅራቢዎች መግዛት ይችላል። ለቀዶ ሕክምና ክፍል የተገዛ መሣሪያም የመቁረጥና የማርጋት ሞገዶችን አቀናጅቶ መስጠት የሚችል ከሆነ በቀለበት ኤሌክትሮድ ለሊፕ ሊያገለግል ይችላል። ይህ አማራጭ ለሆስፒታሎች ቁጠባ ቢሆንም የራሱ ችግር አለው። አንድ መሣሪያ ብቻ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሲገጥመው ለሊፕ የተቀጠሩት ሴቶች ወደ ሌላ ቀን መተላለፋቸው አይቀርም። ስለሆነም በመሣሪያው በጋራ ለመጠቀም የሚወስን ተቋም ለሊፕ የተለየ ቀን ወስኖ ማስከበር ይኖርበታል።

የጥገናው ጉዳይም ከግዥው ተነጥሎ ሊታይ አይገባም። መሣሪያው በመብራቱ መብራት ብቻ ደኅና ነው ሊባል አይችልም። በማሳያው ላይ የተጻፈው የኃይል መጠንና ከኤሌክትሮዱ ጫፍ የሚወጣው ኃይል መመሳሰላቸው በመለኪያ መሣሪያ በየጊዜው መፈተሽ አለበት። የሚያፈስ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ፣ ሰሌዳው ሲላቀቅ የሚያስጠነቅቀው ድምፅ መሥራቱና የገመዶቹ ሽፋን አለመላጡም እንዲሁ ይፈተሻሉ። ጅማንና አዲስ አበባን ጨምሮ ልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል መሐንዲሶችን ማሠልጠናቸው የሰው ኃይሉን እጥረት ለማቃለል የረዳ ቢሆንም፣ ባለሙያው መለኪያ፣ መለዋወጫና የሥራ መኪና ከሌለው ዕውቀቱ ብቻውን ውጤት አያመጣም።

ፍተሻው የታካሚን ደኅንነትም ይመለከታል። ከኤሌክትሮዱ የሚወጣው ኃይል በታካሚዋ ሰውነት አልፎ በሰሌዳው በኩል ወደ መሣሪያው ይመለሳል። የኤሌክትሮዱ ጫፍ ትንሽ በመሆኑ ሙቀቱ በዚያ ሲከማች፣ ሰፊው ሰሌዳ ግን ያንኑ ኃይል ስለሚያሰራጨው ቆዳን አያቃጥልም። ሰሌዳው በከፊል ከተላቀቀ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያገለግል የተሠራው ተለጣፊ ደግሞ ደጋግሞ ጥቅም ላይ ከዋለ ግን ኃይሉ በጠባብ ሥፍራ ተከማችቶ ከባድ ቃጠሎ ያስከትላል። አልኮል ያለበት ማጽጃ ሳይደርቅ መሣሪያውን ማሠራት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከሕብረ ሕዋሱ የሚወጣው ጢስ የቫይረሱ ዘረመል ሊገኝበት እንደሚችል በጥናት በመረጋገጡም ጢስ መሳቢያና ተገቢ ጭንብል ለባለሙያዎቹ ጤና አስፈላጊ ናቸው። አላቂ ዕቃን ለመቆጠብ ሲባል እነዚህን መተው ቁጠባ ሊባል አይችልም።

በሌላ በኩል ለችግሩ መፍትሔው መሣሪያውን በየጤና ጣቢያው ማዳረስ ነው ብሎ መደምደምም ትክክል አይሆንም። ሊፕ ከሚያስፈልገው በላይ ሥራ ላይ ሲውል ጉዳት አለው። የማሕፀን በርን ክፍል ቆርጦ ማውጣት በቀጣይ እርግዝና ያለጊዜው የመውለድ አጋጣሚን ከፍ እንደሚያደርግ በጥናቶች ተመልክቷል። በተጨማሪም በወር ጥቂት ታካሚዎችን ብቻ የሚያገኝ ሐኪም ክህሎቱን ጠብቆ ማቆየት ያዳግተዋል። ስለሆነም ቴርማል አብሌሽንን በጤና ጣቢያዎች በማስፋፋት፣ ሊፕን ደግሞ በተመረጡና በቂ ታካሚ በሚያገኙ ሆስፒታሎች በማጠናከር በመካከላቸው አስተማማኝ የቅብብሎሽ ሥርዓት መዘርጋት የተሻለው አማራጭ ነው።

ጉዳዩ በቀጣይ ዓመታት ይበልጥ አሳሳቢ ሊሆን የሚችልበት ምክንያትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በዓይን ከሚደረገው ምርመራ ይልቅ የቫይረሱን ዘረመል የሚለየው ምርመራ ቀዳሚ እንዲሆን መክሯል። ይህ ምርመራ በዓይን ከሚደረገው ይልቅ አደጋ ያለባቸውን ሴቶች በመለየት ረገድ የላቀ ነው። ሴቶች ናሙናውን ራሳቸው መስጠት ስለሚችሉም ብዙዎችን ተደራሽ ማድረግ ያስችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገራዊ ጥናት በአገሪቱ የተመረመሩ ሴቶች ድርሻ ከ3 በመቶ እንደማይበልጥ ያመለከተ መሆኑን ስናስታውስ፣ ምርመራው ወደ 70 በመቶ ግብ በተጠጋ ቁጥር ሕክምና የሚፈልጉ ሴቶች ብዛት በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር መገመት አያዳግትም። የሕክምናው አቅም አብሮ ካላደገ ምርመራው ተስፋ ሰጥቶ የሚያሰናክል አገልግሎት ይሆናል።

ሳይታከም የቀረው ቅድመ ካንሰር ለውጥ ወደ ካንሰር ሲሸጋገር የሚያስከትለው ወጪ ከመከላከሉ ወጪ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ ቆይቶ በቅርብ ዓመታት እንደ ጅማና ሐረር ወዳሉ ከተሞች መስፋፋት የጀመረ ነው። አንዲት እናት ለሳምንታት ከቤቷ ርቃ የምትከታተለው ይህ ሕክምና፣ በጊዜው ቢሰጥ ኖሮ በጥቂት ደቂቃ በሚጠናቀቅ ሊፕ ሊቀር ይችል የነበረ ነው።

ከዚህ አኳያ በየደረጃው የሚገኙ ኃላፊዎች ትኩረት ሊሰጧቸው የሚገቡ ተግባራት አሉ። የመጀመሪያው የሪፖርት አቀራረብን የሚመለከት ነው። የተመረመሩ ሴቶችን ብዛት ብቻ ሳይሆን ሊፕ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ በተወሰነ ጊዜ የታከሙትን ድርሻ ለይቶ የሚያሳይ መለኪያ በክልል ጤና ቢሮዎችና በዞን ጤና መምሪያዎች የአፈጻጸም ግምገማ መካተት ይኖርበታል። ጤና ጣቢያውም የላካት ሴት ሆስፒታል መድረሷን የሚያረጋግጥበት መልስ ሰጪ ቅጽ ወይም የስልክ ክትትል ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛው በጀቱን ይመለከታል። መሣሪያ ሲገዛ የቢያንስ አንድ ዓመት አላቂ ዕቃ፣ የተጠቃሚዎች ሥልጠናና የጥገና ውል በአንድ ሰነድ ተጠቃለው መቅረብ አለባቸው። በቀጣዮቹ ዓመታትም አላቂ ዕቃዎቹ በኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በኩል በሚቀርበው ዓመታዊ ፍላጎት ውስጥ በስማቸው መካተት ይኖርባቸዋል። ሆስፒታሎች የውስጥ ገቢያቸውን መልሰው እንዲጠቀሙ የተሰጣቸው ፈቃድም ለእንደዚህ ያሉ አነስተኛ ግን ወሳኝ ግዥዎች ሊውል ይችላል።

ሦስተኛው የንብረት ቆጠራን ይመለከታል። ዓመታዊ ቆጠራው መሣሪያው አለ ወይስ የለም ከሚለው ጥያቄ አልፎ ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ታካሚ አገለገለ፣ መቼ ተፈተሸ፣ ምን ያህል ኤሌክትሮድ በመጋዘን ቀርቷል የሚሉትን ጥያቄዎች ሊመልስ ይገባል። እነዚህ መረጃዎች ለማሰባሰብ ልዩ ጥናት የሚጠይቁ ሳይሆኑ በተቋማቱ መዝገቦች ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

የማሕፀን በር ካንሰርን ለመከላከል በክትባትም ሆነ በምርመራ የተገኘው ውጤት የሚጠበቅ ነው። የጥረቱ ፍሬ የሚለካው ግን ለውጥ የተገኘባት ሴት ታክማ ወደ ቤተሰቧ ስትመለስ ነው። ለዚህም የሕክምና ባለሙያው፣ የግዥ ሠራተኛው፣ የንብረት ክፍሉ፣ የባዮሜዲካል ባለሙያውና የበጀት ኃላፊው በየድርሻቸው ኃላፊነታቸውን መወጣት ይጠበቅባቸዋል። በመጋዘን አንድ የሽቦ ቀለበት በማለቁ ምክንያት የአንዲት እናት ቀጠሮ እንዳይተላለፍ ማድረግ ከሁሉም በፊት የእነዚህ የመንግሥት ሠራተኞች ሥራ ነው።